የእትዬ አስካለ ስም የተንጠለጠለበት ፋይል

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን አዲስ ስልክ አመጣችልኝ። በድሮው ስልኬ ውስጥ የነበሩትን ፎቶዎች ሁሉ ወደ አዲሱ አሻግራ «በቃ ማሚ፣ አለቀ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ነገር ሳላጣራ አላምንምና አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የልጅ ልጄ ክርስትና አለ፤ ባለቤቴ ጡረታ የወጣ ዕለት አለ፤ ታኮማ ወደቡ አጠገብ ንፋስ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ሲል የተነሣሁት አለ። ነገር ግን ከሁሉም ሥር የተጻፈው ቀን ያው የዚያ እሑድ ቀን ነው። ሕፃኑ የተጠመቀውም፣ ሽማግሌው ጡረታ የወጣውም በአንድ ቀን ሆኗል። «ቀኖቹስ የት ሄዱ?» አልኳት። «ኮፒ ሳደርገው ቀርተው ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ባለቤቴ ምን እንዳሳቀን ጠየቀ። «እትዬ አስካለ ትዝ ብለውን ነው» አልኩት።

ዓመቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጥን የምንሰማበት፣ ሲዲ ያለው ሰው እንደ ሀብታም የሚታይበት ጊዜ እንደነበረ ነው። አምስተኛ እጅ የተገለበጠ ካሴት ላይ ዘፋኙ ከውሃ ሥር የሚዘፍን ይመስላል፤ እኛ ግን አብረን እያዜምን የጎደለውን እንሞላለት ነበር። የምንኖረው ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር አቬኑ ላይ፣ ከቬትናሞች ዳቦ ቤት በላይ ባለ አፓርትመንት ነው። የዳቦው ሽታ በወለሉ በኩል ይገባል። ሦስት ረጃጅም ዳቦ በአንድ ዶላር ይሸጡልን ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ የዳቦውን ወረቀትም አይሰጡም። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ደጃፋችን ይቆማል። ሾፌሩ ትራንስፈር የሚባል ቀጭን ወረቀት ቀዶ ይሰጣል፤ እሱን የያዘ ሰው ሌላ አውቶቡስ ላይ ሳይከፍል ይሳፈራል። እኔ ያን ወረቀት በጓንቴ ውስጥ እይዘውና ይጠፋብኛል ብዬ በየፌርማታው እዳብሰው ነበር። በዓል ሲሆን ጃክሰን መንገድ ላይ ሴቶቹን ማየት ነበር፤ ከላይ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ፣ ከሥር ነጭ ስኒከር፣ ከሁሉም በላይ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የተገዛ ትከሻው የተቆለለ ካፖርት። ዝናቡ እንደዛሬው ነው። እሱ አልተለወጠም።

ሥራዬ ቱክዊላ በሚባል ቦታ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ የማርያም ማኅበራችን ሴቶች መዝገብ ያዥ አደረጉኝ። አሥራ አራት ነበርን። ስልካቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ሲታመሙ ለማን እንደሚደወል እጽፋለሁ። ከዚህ ሌላ አንድ ከባድ ነገር እጄ ላይ ነበር፤ የክርስትና ስማቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ለማኅበሩ ክብረ በዓል አባ በየስማችን ይጸልዩልናልና እያንዳንዷ በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የእኛ እናቶች ይህን ስም እንዴት እንደሚደብቁት የሚያውቅ ያውቃል። የጎረቤት ዓይን ያስፈራቸዋል፣ በስማቸው ክፉ የሚሠራባቸው ያለ ይመስላቸዋል። ባልየው እንኳ የማያውቅባት ሴት ነበረች።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ምድጃ ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ አያለሁ፤ ፓስፖርቶቻችንን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው ሥር አስቀምጥ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው አንድ የማኅበር ቀን የስሞቹ ወረቀት ከነጠላዬ ውስጥ የወደቀው። አንዷ አንሥታ ለቀልድ ብላ ጮክ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ስም የእትዬ አስካለ ነበር። ነጥቄ ወሰድኩባት፤ ነገር ግን ግማሹ ከአፏ ወጥቷል። እትዬ አስካለ ዳቧቸውን ጠቅልለው ሄዱ፣ አንድ ወር ሙሉም በራችንን አላንኳኩም።

እትዬ አስካለ ማለት ከእኛ ጋር በር ለበር የሚኖሩ፣ ከስድሳ ያለፉ ሴት ነበሩ። የእኅታቸው ልጅ አስመጥቷቸው እሱ ራሱ ሥራ ፍለጋ ሌላ ስቴት ሄደ፤ እዚህ ዘመድ አልነበራቸውም። ሜሮን በዐሥር ዓመቷ ስትመጣ እኔ ከሥራ እስክመለስ የጠበቋት እሳቸው ናቸው። ብርቱካን ሲልጡላት ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ይወርዳል፤ ልጅቱ እሱን አንገቷ ላይ አስራ ትጠብቀኝ ነበር። ለእኔ እናትም፣ ጎረቤትም፣ ተቆጪም ነበሩ። ስለዚህ ያ አንድ ወር ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ሜሮን ያን ጊዜ ኮሌጅ ገብታ ነበር። በትርፍ ሰዓቷ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር ትፈትናለች፤ ከዚያው አንድ ኮምፒውተር በውሰት አምጥታ ሳሎን ውስጥ አስቀምጣለች። በውስጡ ያለው፣ ማሽኑን የሚያሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብዙ ሰው ያልያዘው፣ በኋላም ብዙ ያልቆየ ነው። የማኅበሩን መዝገብ እሱ ላይ ጻፈችልኝ፤ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ፋይል። የክርስትናውን ስም ግን እዚያ ጻፊው ማለት ፈራሁ።

«ማንም ቢከፍተው የማያየው ቦታ የለም?» አልኳት።

«አለ። ማሚ፣ ፋይል እንደ ሻንጣ ነው በይ። ውስጡ ልብስ አለ። እጀታው ላይ ደግሞ ኤርፖርት ላይ የሚያስሩት ወረቀት አለ አይደል? ይሄ ሲስተም እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ያስራል። አትሪቢዩት ይባላል። ሻንጣውን የከፈተ ሰው ልብሱን ነው የሚያየው፣ ወረቀቱን አያይም። ወረቀቱን ለማንበብ የወረቀቱን መጠሪያ ማወቅ አለበት።»

«መጠሪያውን ምን ልትይው ነው?»

«‹የክርስትና ስም› እለዋለኋ።»

«እንዴ! ሌባ በምን ሊጀምር ነው ታዲያ? ሌላ ነገር በይው። ደግሞ ለሁሉም አንድ አታድርጊው፤ የአንዷን ያገኘ የሁሉንም ያገኛል።»

ሳቀችብኝ፤ ግን እንዳልኳት አደረገች። መጋረጃ ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ ለእያንዳንዱ የፈለገችውን መጠሪያ አወጣችለት፤ የቱ የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ያን ወረቀት ሁለት ቀን በጡት መያዣዬ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ጭንቀቱ አላስቀምጥ አለኝና ከአሮጌው የስም ዝርዝር ጋር ብጭቅጭቅ አድርጌ ሽንት ቤት ለቀቅሁት። እፎይ አልኩ። ሄጄ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው፤ «ከእንግዲህ ስምዎ የትም አይወድቅም።» ያኔ ታረቁኝ። የመዝገቡን ግልባጭ ሜሮን በፍሎፒ አድርጋ ለአባ ሰጠቻቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር እንዲያዩት። ስለዚህ ሁሉ ነገር በሁለት ቦታ አለ ብዬ ተማምኜ ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ወራት አልፈው ይሆናል፤ የማኅበሩ ክብረ በዓል ገና አልደረሰም ነበር፤ አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ደረጃ ላይ ወደቁ። ልባቸው ነው። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሞቹ ዛሬውኑ፣ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ስምንት ላይ፣ ይከፈታል ብለው ወስነዋል። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለት የማኅበር ሴቶችና አንዲት ያገራችን ልጅ የሆነች ነርስ ነበሩ። እያለቀስኩ ገባሁ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ። «ልቤን ከፍተው ሊሰፉት እንጂ ሊወስዱት አይደል።»

«እሺ እትዬ።»

«ጠጋ በይ ዘነቡ። ለአባ ደውይላቸው። ቢላዋ ሳይነካኝ በፊት ይጸልዩልኝ። በዚያኛው ስሜ።» ሴቶቹን በዓይናቸው ገርመም አደረጉ። «ታውቂዋለሽ አይደል?»

እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ስሙ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ወለተ ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ ግን ከማኅበራችን ግማሹ ወለተ ነው። ይድገሙልኝ ብላቸው በሰው ፊት ሊነግሩኝ ነው። ሴቶቹን ውጡልኝ ብልም መርሳቴን መናገር ነው። በዚያ ላይ የትም አይወድቅም ብዬ አረጋግጬላቸዋለሁ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። እጄን ጨብጠው ለቀቁኝ፤ ወዲያው የሚያስተኛ መርፌ ወጓቸው።

ከሆስፒታሉ በታች ካለው የሕዝብ ስልክ ለአባ ደወልኩ። ፍሎፒውን ሲያስገቡ፣ ሲፈልጉ፣ እኔ ሁለተኛ ሳንቲም ጨመርኩ። «አገኘሁት ልጄ፣ አስካለ ይላል። ስልክ አለ፤ አድራሻ አለ፤ ሌላ ምንም የለም» አሉኝ። «ይኖራል አባ፣ ደግመው ይዩ።» «ሦስት ጊዜ አየሁት እኮ። አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሰውን በስም ብቻ አያውቅም። እኔ አሁኑኑ እጀምራለሁ። ግን ራሷ በስሜ ብላ ከጠየቀች ፈልጊላት። ከስልኩ አጠገብ አልጠፋም።»

ሜሮን ያን ጊዜ ፔጀር የሚሉት፣ በስልክ የተላከ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ዕቃ ነበራት። 1ን ብቻውን ከላክሁ ሲመችሽ ኮል አድርጊ ማለት ነው፤ ሦስት አንድ ከላክሁ የትም ሁኚ ቤት ነይ ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ሦስት አንድ ልኬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ላክሁ። ሰባት ቁጥርን ይዤ ቤት ስደርስ ልጅቷ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጥታ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ የሞተ መስሏት ፊቷ ነጭ ሆኗል። ነገርኳት።

«ፍሎፒው ላይማ አይኖርም» አለች፤ ጭንቅላቷን ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ፤ ኮፒ ሲደረግ ልብሱ ነው የሚሄደው፣ የታሰረው ወረቀት እዚሁ ይቀራል። የአባ ኮምፒውተር ማሰር አያውቅም። ኦኬ፣ ኦኬ፤ ዋናው እዚህ አለ። መጠሪያውን ስጪኝ።»

«ምን መጠሪያ?»

«የጻፍኩልሽ ወረቀት።»

የሆነውን ስነግራት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ መሞከር ጀመረች። ማርያም ብላ ጻፈች፤ ማሽኑ የለም አለ። ጸሎት፣ የለም። ሲያትል፣ የለም። ምስጢር፣ የለም። ዐሥራ አራት መጠሪያ በአንድ ጊዜ ያወጣ ሰው ከወራት በኋላ የቱን ለማን እንዳለ ያስታውሳል? ሰዓቱ በእኛ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አሁን ቢላዋውን ይስላሉ እላለሁ።

ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «ሶ፣ እኔ እስካሁን ስጠይቀው የነበረው ‹ይህ መጠሪያ አለህ ወይ› እያልኩ ነው። ለምን ‹ምን ምን መጠሪያ አለህ› ብዬ አልጠይቀውም?»

«እንደዚያ ይጠየቃል?»

«ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይመልሳል። ግን የሚጠይቅልኝ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ አለብኝ።»

ከአልጋዋ ሥር አንድ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አመጣች፣ ገለጠች፣ መጻፍ ጀመረች። ብርቱካን ልላጥልሽ አልኳት፤ መላ ሲጠፋኝ የማደርገው ምግብ ማቅረብ ነው። አልሰማችኝም። ስትጨርስ ቁልፉን ነካችው፤ ማሽኑ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ዝም አለ።

«ምን አለ?»

«ቦታው አይበቃም አለ። ዝርዝሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ገምቼ ሰጠሁት፣ አነሰው።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ማሚ፣ ሆቴል ከላይ ፎቅ አንሶላ ልታመጪ ስትሄጂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ከታች እደውላለሁ። ስንት ነው እላለሁ፤ እንደ ብዛቱ ትልቁን ወይም ትንሹን ጋሪ ይዤ እወጣለሁ።»

«በቃ እንደሱ ነው። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ ባዶ እጄን ሄጄ ‹ስንት ይሆናል?› ማለት። እሱ ልኩን ይነግረኛል። ከዚያ በልኩ ጋሪ ይዤ ተመልሼ ‹አሁን ስጠኝ› ማለት።»

«በመሀሉ ሌላ አንሶላ ቢጨመርስ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ሆቴል ውስጥ ሁልጊዜ ያጋጥመኝ ነበር።

ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ነው። «ያኔ እንደገና አይበቃም ይለኛል፤ እኔም እንደገና ስንት ነው እለዋለሁ። አንቺ ፕሮግራመር መሆን ነበረብሽ።»

አስተካክላ ጻፈችው። ሰዓቱ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ነካችው። በአንድ ጊዜ የተዛባ፣ ሁሉም የተጣበቀ ነገር ወጣ፤ አንዱ መጠሪያ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለያይታ አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች አሰለፈቻቸው። አራት ነበሩ። «ይሄ የፋይሉን ዓይነት የሚናገር ነው፤ የሲስተሙ ነው። ይሄ የሥዕሉ ነው። ይሄ መስኮቱ የት ላይ ይከፈት የሚል ነው።» አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ኦረንጅ» አለች። «ማሚ፣ ኦረንጅ! በእርግጥ ነዋ፤ የእትዬ አስካለን ሌላ ምን ልለው ኖሯል!» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እየሳቀች ጻፈችው።

ከዚያ ስሙ ብቅ አለ። ሙሉው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እኔ ቶሎ ብዬ በእጄ ስክሪኑን ሸፈንኩት። «አንቺ አትዪ!»

«ማሚ፣ እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት!»

የሳሎኑን መስኮት ዘግቼ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ለአባ ደወልኩ። ስልኩ ገና አንድ ጊዜ ሲጠራ አነሡት። ነገርኳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው ደገሙት፤ ልክ ነኝ ወይ እንደሚል ሰው። «ልክ ነዎት አባ» አልኩ። ስልኩን ሳይዘጉት መጸለይ ጀመሩ፤ እኔና ሜሮን አንዱን የስልክ እጀታ በሁለት ጆሮ ይዘን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሰማን። እንዲያ ብላ የተቀመጠችበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

እትዬ አስካለ በሁለተኛው ቀን ነቁ። ውሃ በነካ ጥጥ ከንፈራቸውን እያራስኩ ነበር። «ነገርሽልኝ?» አሉ። ነገርኳቸው፤ መንገዱን ሁሉ፣ መርሳቴን፣ መዋሸቴን፣ ወረቀቱን መቅደዴን፣ ሜሮን ማየቷን። ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ወረቀቱን ቀደሽ ጭንቅላትሽን አመንሽ» አሉ። «ያንን ጭንቅላት! ምድጃ ማጥፋቱን የማያስታውሰውን!» ሊስቁ ሲሉ ስፌቱ ያዛቸውና ትራሱን ደረታቸው ላይ አቀፉ። «አታስቂኝ አንቺ፤ ገና አልደረቀም። ነይ ወደዚህ፣ ጆሮሽን ስጪኝ።» እንደገና ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ ቀን ከጎኔ ተቀምጠው ክንዴን ይቆነጥጡኛል፤ «ማን ነኝ?» ይላሉ። እኔ በጆሯቸው እመልሳለሁ። ካልተሳሳትኩ ዳቦ ይቆርሱልኛል። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደምናንሾካሹክ ሳያውቁ ስንት ዓመት ቀኑብን። ሜሮንም በዚያው ሳምንት የቀሩትን አሥራ ሦስት ፋይሎች ዘርዝራ መጠሪያዎቻቸውን አውጥታልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁሉም አንድ መጠሪያ ይሁን አልኩ። የሚፈልግ ሌባ ይምጣ፤ ብቻ እኛም እናግኘው።

ያ ኮምፒውተር ወደ ድርጅቱ ተመለሰ፤ ድርጅቱም ተዘጋ። ሬኒየር አቬኑ ላይ የነበረው ቤታችን ፈርሶ መስታወት የሆነ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ እኛ ማውንትሌክ ቴራስ የምትባል ከተማ ከገባን ቆየን። የተሰፋው የእትዬ አስካለ ልብ ሐኪሞቹ ከገመቱት በላይ ሠራ። የሜሮንን ሠርግ አዩ፣ ልጇን አቀፉ። ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው፣ በራሳቸው አልጋ፣ ቁርስ በልተው። አባ ከእሳቸው በፊት አርፈዋል። ፍትሐት ላይ የቆሙት አዲሱ ወጣት ቄስ ወደ እኛ ዞረው «የክርስትና ስማቸው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። በስንቱ የማኅበር ቀን የደገምኩትን ስም አፌ ላይ አመጣሁት፤ ልቅሶው ቀደመኝና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ቄሱ ጠበቁ። ያኔ ሜሮን ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኔ ወደ ፊት ሄደች። አማርኛዋ እንደ ልጅነቷ ነው፣ ቃል ይጠፋባታል፣ ከልጇ ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው። ለቄሱ ጆሮ ተጠጋች፤ ማንም እንዳይሰማ በእጇ ከለለችና ነገረቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው በዚያ ስም ጀመሩ።